ጂፒኤስ የሌለው ላፕቶፕ አዲሱን ቤታችንን በምን አወቀው?

ሰፈር_ቀያሪዋ

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ግራ የገባኝ ነገር አለ።

ከገርጂ ወደ አያት ከተዛወርን ቆየት ብለናል። መስመሩ ሲዛወርልን ያንኑ የድሮ የዋይፋይ ራውተር ሰካነው። ከዚያ በኋላ ላፕቶፔ ላይ ካርታ ስከፍት፣ አያት ቁጭ ብዬ «ያለሽው ገርጂ ነው» ይለኝ ነበር። ያውም በደፈናው ገርጂ አይደለም፤ ነጥቡን የሚያስቀምጠው የድሮው ግቢያችን ላይ ነው። ችላ ብዬው ከረምኩ። ሰሞኑን ስከፍተው ነጥቡ አያት ገብቷል። ብሎካችን ላይ!

ላፕቶፑ ጂፒኤስ የለውም። አዲሱን አድራሻ የትም አልሞላሁም። በአይፒ (በኢንተርኔት መስመሩ ቁጥር) ነው እንዳልል፣ አይፒ ቢበዛ «አዲስ አበባ» ብሎ ነው የሚያቆመው። ባለቤቴ «ምን ታካብጃለሽ» ብሎ ስቆብኝ አለፈ።

ማን ነገረው? ደግሞስ ልስጋ ወይስ ልተወው?

ኬብል_ጎታች

ጥሩ ጥያቄ ነው። የነገረው ራውተርሽ ነው። ያደረሰው ደግሞ የእንግዶችሽና የጎረቤቶችሽ ስልክ።

እያንዳንዱ ራውተር ቢኤስኤስአይዲ የሚባል መለያ ቁጥር አለው። የዋይፋይሽን ስም መቶ ጊዜ ብትቀይሪው ይህ ቁጥር አይቀየርም። ራውተሩ በሰከንድ ወደ አሥር ጊዜ ያህል «እዚህ ነኝ» እያለ ቁጥሩን በአየር ላይ ይለቃል። እንደ ቆራሌው ነው፤ የሚሸጥለት ኖረም አልኖረም እየተጣራ ይውላል። የይለፍ ቃል የሚዘጋው መግቢያውን ነው። ጥሪውን አያስቆመውም።

አሁን ጂፒኤሱ የበራ ስልክ የያዘ ሰው በደረጃችሁ ሲያልፍ ምን ይሆናል? ስልኩ የሰማቸውን ራውተሮች ቁጥር ካለበት ቦታ ጋር አያይዞ ለጉግል ወይም ለአፕል ይልካል። ሰውየው ዋይፋያችሁ ውስጥ መግባት አያስፈልገውም። ሁለቱም ኩባንያዎች የዓለምን ራውተሮች እንዲህ እየለቀሙ መዝግበዋል። ላፕቶፕሽ ደግሞ ተራው ሲደርስ በዙሪያው የሚሰማቸውን ቁጥሮች ልኮ «የት ነኝ?» ይላል። መጀመሪያ ገርጂ ያለሽ መዝገቡ ስላልታደሰ ነው። ከዚያ በአያት በኩል በቂ ስልክ አለፈና ተስተካከለ።

ድሮ ይህን ሥራ የሚሠሩት መንገድ ለመንገድ እየዞሩ ፎቶ የሚያነሱት የጉግል ስትሪት ቪው መኪኖች ነበሩ። በ2010 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ኩባንያው መኪኖቹ የራውተር ቁጥር ብቻ ሳይሆን ይለፍ ቃል በሌላቸው ዋይፋዮች የሚያልፈውን ዳታ ጭምር ሲቀዱ እንደነበር አመነ። በብዙ አገር ምርመራ ተከፈተበት። ዛሬ መኪና አያስፈልግም። ሥራውን በነፃ የምንሠራላቸው እኛ ነን።

ምን_አገባኝ

እና ምን ይጠበስ? ይቅርታ ግን፣ እኛ አገር ቤት የሚገኘው «ከፋርማሲው ጎን ባለው ኮብልስቶን ግባ፣ ሰማያዊ በር አለ፣ እዚያ ደርሰህ ደውል» እየተባለ ነው። ጉግል ቤቴን ካወቀልኝ ምርቃት ነው። እኔን ማን ብሎ ይፈልገኛል?

ኬብል_ጎታች

አንተን ላይፈልግህ ይችላል። የሚፈለግ ሰው ግን አለ።

በ2024 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች የአፕልን መዝገብ ፈተሹት። የአንድ ራውተር ቁጥር ለላከለት ለማንኛውም ሰው ቦታውን ይመልስለት ነበር። በዚያ ሳይቆም በአቅራቢያው ያሉ እስከ 400 የሚደርሱ የሌሎች ራውተሮችንም ይጨምርለት ነበር። ሰዎቹ በዚህ መንገድ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ2 ቢሊዮን በላይ ራውተሮች የት እንዳሉ አወቁ። ዩክሬን ውስጥ የስታርሊንክ (የሳተላይት ኢንተርኔት) መሣሪያዎች ከየት ወዴት እንደተንቀሳቀሱ አዩ። ጋዛ ላይ ደግሞ ጦርነቱ ሲጀመር ራውተሮች ከመዝገቡ እየጠፉ ሲሄዱ ታያቸው። እነዚህ ሰዎች ፖሊስም ሰላይም አይደሉም። ኮምፒውተር ያላቸው የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። አንድ ሰው በፊት ቤትህ ይመላለስ ነበር እንበል። ስልኩ ራውተርህን ያውቀዋል። ተጣላችሁ፣ ሰፈር ቀየርክ፣ ራውተሩን ግን ይዘኸው ሄድክ። ስልክ ቁጥርህን ብትቀይርም፣ ለማንም ባትናገርም ያ የራውተሩ ቁጥር አብሮህ ተዛውሯል። ለአብዛኛው ሰው ይህ ምንም ነው። ከሰው ሸሽቶ ቤት ለቀየረ ሰው ግን ከሁሉ ይብሳል። ለእንደዚያ ዓይነቱ ሰው ምክሬ አንድ ነው፦ የድሮውን ራውተር እዚያው ተወው፣ አዲስ ግዛ።

ሰፈር_ቀያሪዋ

እኛ እንኳ ከማንም አልተጣላንም፤ ከአከራያችን በቀር 😄 ግን አልወደድኩትም። ራውተር ሳልቀይር ከመዝገቡ የምወጣበት መንገድ የለም?

ኬብል_ጎታች

አለ። ብዙ ሰው ስለማያውቀው ዘርዘር ላድርገው።

በ2011 የኔዘርላንድስ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ጉግልን ያዘውና ኩባንያው አንድ መውጫ አበጀ። የዋይፋይሽ ስም መጨረሻ ላይ «ኖማፕ» የሚል ቃል ካለ ራውተሩን ከመዝገቡ ይተወዋል። አፕልም በ2024 ይህንኑ ምልክት ተቀበለ።

አሠራሩ ይሄ ነው። ራውተሩን ገልብጪው፤ ሆዱ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። እዚያ ላይ እንደ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ያለ አድራሻ ታገኛለሽ፤ ከሥሩ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ይኖራል። ስልክሽ ከዋይፋዩ ጋር እንደተገናኘ አድራሻውን ክሮም ላይ ጻፊው። ስትገቢ ዋይፋይ ወይም ደብሊውላን የሚለውን ክፈቺ። ኤስኤስአይዲ የሚለው ሳጥን ውስጥ አሁን ያለው ስም አለ። እሱን ሳትነኪ መጨረሻው ላይ አንደርስኮር፣ ያቺን ከመስመር በታች የምትቀመጠውን ሰረዝ፣ ጨምሪ። ክፍተት ሳትተዪ በላቲን ትንንሽ ፊደል ኤን፣ ኦ፣ ኤም፣ ኤ፣ ፒ ብለሽ ጻፊ። ሴቭ በያት። ራውተርሽ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ የሚባሉ ሁለት ስሞች ካሉት ሁለቱም ላይ ይደረግ። አንዱን ከረሳሽው ልፋትሽ ከንቱ ነው።

ምልክቱ የግድ መጨረሻ ላይ መሆን አለበት። መሃል ላይ ከገባ አይሠራም።

እዚያው እያለሽ የመግቢያውን የይለፍ ቃልም ቀይሪው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቤትሽ የመጣ ሁሉ ያየዋል። የፋብሪካው «አድሚን አድሚን» ከሆነ ደግሞ ማየትም አያስፈልግ።

ውጤቱ በማግስቱ አይታይም፤ መዝገቡ እስኪታደስ ይቆያል። ደግሞ ይህ የጉግልና የአፕል ፈቃደኝነት ነው። ሌላ ራውተር የሚመዘግብ ኩባንያ ይህን እንዲያከብር የሚያስገድደው የለም።

የጉለሌው

ይህን ሁሉ ከምትደክሙ የዋይፋዩን ስም መደበቅ አይቀልም? እኔ ደብቄዋለሁ፤ ማንም አያየውም።

ኬብል_ጎታች

ይቅርታ ወንድሜ፣ እንዲያውም አባስከው። ስሙን ብትደብቀውም ቁጥሩ አሁንም ይወጣል። በዚያ ላይ የተደበቀ ዋይፋይ የሚያውቅ ስልክ ራሱ ነው ስሙን እየጠራ የሚፈልገው። አራት ኪሎ ማኪያቶህን እየጠጣህ ስልክህ የቤትህን ዋይፋይ ስም እየጠራ ነው ማለት ነው። ግለጠው።

ቪፒኤን_ለዘላለም

ቪፒኤን አብሩ በቃ። ምን ያጨቃጭቃል?

ሞባይል_ቤት

እዚህ አገር ቪፒኤን የሁሉ በሽታ መድኃኒት ሆኗል፤ እንደ ዳማከሴ 😂 ኢንተርኔት ሲዘጋ የተለማመድነው ስለሆነ አይፈረድም። ግን ቪፒኤን የሚቀይረው አይፒህን ነው። ስልክህ ጂፒኤሱን ያነባል፣ ራውተሮችን ይሰማል፣ የቴሌውን ማማ ይሰማል። እነዚህን ቪፒኤን አይነካቸውም። ሎኬሽን የፈቀድክለት አፕ ቪፒኤኑ «ጀርመን ነው ያለው» እያለለት ሳሪስ መሆንህን ያውቃል። ነፃ የሆኑትን ደግሞ አስብባቸው። ሰርቨር ብር ይበላል። አንተ ካልከፈልክ አንድ ሰው እየከፈለ ነው።

ሰፈር_ቀያሪዋ

እሺ ራውተሩ ገባኝ። ስልኩስ? ሎኬሽንን ሳልፈልገው አጠፋዋለሁ። አይበቃም?

ኬብል_ጎታች

ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ሎኬሽን፣ ከዚያ ሎኬሽን ሰርቪስስ የሚለውን ክፈቺ። ዋይፋይ ስካኒንግ እና ብሉቱዝ ስካኒንግ የሚሉ ሁለት ማብሪያዎች አሉ። ከበሩ ዋይፋይሽን አጥፍተሽ እንኳ ስልኩ ዙሪያውን ያዳምጣል። ሁለቱንም አጥፊያቸው።

ቀጥሎ አፖችን አንድ በአንድ እይ። ከአንድሮይድ 12 ወዲህ፣ በአይፎን ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ለአንድ አፕ ትክክለኛ ቦታሽን ሳይሆን ግምታዊውን ብቻ መስጠት ይቻላል። ለአየር ሁኔታ አፕ ግምታዊው ይበቃዋል። ለራይድ ትክክለኛው ያስፈልጋል፤ እሱም ስትጠቀሚ ብቻ። «ሁልጊዜ» የሚለውን ፈቃድ ለማንም አትስጪ።

አንድሮይድ ላይ ፕራይቬሲ፣ ከዚያ አድስ የሚለው ውስጥ የማስታወቂያ መለያውን መሰረዝም ይቻላል። ሰርዢው፣ አያጎድልብሽም።

ካፌና ሆቴል ዋይፋይ ላይ የሚታይ፣ እንደ ራውተሩ ያለ የስልክሽ የራሱ መለያ ቁጥርም አለ። አንድሮይድ ከ2019፣ አይፎን ከ2020 ጀምሮ ለየዋይፋዩ የተለያየ የውሸት ቁጥር ይሰጣሉ። አንዳንድ የኢንተርኔት ሰው ለመጠገን ሲመጣ ያጠፋዋል። እንዳልጠፋ እይው።

መብራት_ሄደ

ባትሪ አፕንም አትርሱ፤ የሚያበራውን ማለቴ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ከፕሌይ ስቶር ባትሪ የምናወርድ ስንት ነን? በ2013 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በሚሊዮኖች የወረደ አንድ የባትሪ አፕ ይዞ ነበር። የተጠቃሚውን ትክክለኛ ቦታ ለማስታወቂያ ኩባንያዎች ይልክ ነበር። አሁን ስልኩ የራሱ ባትሪ አለው፤ ሌላው ምን ይሠራል?

ሲልቨር_ስፕሪንግ_እናት

ከዚህ ከአሜሪካ ልጨምር። እዚህ አበሻው በሙሉ ልጆቹን ላይፍ 360 በሚባለው አፕ ነው የሚጠብቀው። እኔም ጭምር። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ስልኬ ይጮኻል። ደስ ይላል። ግን በ2021 መጨረሻ ጋዜጠኞች አፑ የቤተሰቦችን ትክክለኛ ቦታ ለመረጃ ነጋዴዎች እንደሚሸጥ አጋለጡ። ኩባንያው ከዚያ በኋላ አብዛኛውን እንደሚያቆም ተናገረ።

የስልክ ኩባንያዎቹም አልቀሩም። በ2024 ኤፍሲሲ የሚባለው የአሜሪካ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ አራቱን ትልልቆች የደንበኞቻቸውን ቦታ ያለ ፈቃድ አሳልፈው በመስጠታቸው ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር ቀጣቸው። እነሱም ፍርድ ቤት ሄዱበት። እኔ ከዚያ ወዲህ አፑን አጥፍቼ በአይፎኑ በራሱ ፋይንድ ማይ ቀየርኩት። ልጅቷ «አሁንም እኮ እያየሽኝ ነው» ትለኛለች። ልክ ናት፤ ግን ቢያንስ የማያት እናቷ ነኝ።

ኑር_ኮልፌ

የሶላት ሰዓት አፕም እንደዚያው ነው የሚባለው እውነት ነው? እኔ ሙስሊም ፕሮ ነው የምጠቀመው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_እናት

በ2020 የወጣው ዜና እሱ ነው። አፑ ኤክስ ሞድ ለሚባል የመረጃ ነጋዴ ቦታ ያቀብል ነበር፤ የኤክስ ሞድ ደንበኞች ውስጥ ደግሞ ለአሜሪካ ጦር የሚሠሩ ኩባንያዎች ነበሩበት። ዜናው እንደወጣ ሙስሊም ፕሮ ከኤክስ ሞድ ጋር መለያየቱን አስታውቋል። በ2024 መጀመሪያ የንግድ ኮሚሽኑ ኤክስ ሞድን እንደ ሕክምናና አምልኮ ቦታ ያሉ ጥንቃቄ የሚሹ የቦታ መረጃዎችን እንዳይሸጥ አግዶታል።

ኬብል_ጎታች

ኑር፣ ሶላት ሰዓት ለማወቅ ከተማህን በእጅህ «አዲስ አበባ» ብለህ ምረጥና ሎኬሽኑን ከልክለው። የከተማ ልዩነት ነው ሰዓቱን የሚቀይረው እንጂ ከኮልፌ ጦር ኃይሎች ለውጥ የለውም። ቂብላም ቢሆን ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ነው፣ በትንሹ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ይላል። ለዚህ ሳተላይት አያስፈልግም።

ኑር_ኮልፌ

ጀዛከላህ። አሁኑኑ።

ስሜ_ይቅር

አካውንቱን ለዚህ ብዬ ነው የከፈትኩት። የተለያየሁት ሰው አለ። የሄድኩበትን ሁሉ ያውቃል። ባለፈው ፒያሳ እህቴ ጋ ገና ሳልደርስ «ፒያሳ እንዴት ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። ሎኬሽኔ ጠፍቷል። ስካኒንግ ያላችሁትንም አሁን አየሁት፤ ጠፍቷል። ስልኩን የገዛልኝ እሱ ነበር። ሲም ቀይሬያለሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?

ሞባይል_ቤት

እህቴ፣ አይዞሽ። አንድ ጥያቄ። ስልኩ ሲገዛ ጂሜይሉን የከፈተው ማን ነው?

ስሜ_ይቅር

እሱና የሱቁ ልጅ። የይለፍ ቃሉን እኔ አላውቀውም፤ ስልኩም ጠይቆኝ አያውቅም።

ሞባይል_ቤት

ይኸውልሽ። እኔ መገናኛ ሞባይል ቤት ሠርቻለሁ። ሰው አዲስ ስልክ ይዞ ይመጣል፤ «ኢሜይል የለኝም፣ ክፈትልኝ» ይላል። ልጁ በራሱ ስልክ ቁጥር ይከፍትለታል። የይለፍ ቃሉ የሱቁ ስም ከነ 123 ነው። ደንበኛው ፌስቡኩና ቴሌግራሙ ከሠራለት ደስ ብሎት ይሄዳል። ያ አካውንት ግን የእሱ አይደለም። ቁልፉ ያለው ሰው ከሌላ ኮምፒውተር ገብቶ ስልኩ የት እንዳለ የሚያሳየውን ፋይንድ ማይ ዲቫይስን፣ አሁን ፋይንድ ሀብ የሚባለውን፣ ይከፍታል። ፎቶሽን ያያል፣ ኢሜይልሽን ያነባል። የታክሲ አፕ ደረሰኝ በኢሜይል የሚላክልሽ ከሆነ ከየት ወዴት እንደሄድሽ ከነሰዓቱ ተጽፎ ይደርሰዋል።

ስለዚህ ያንን አካውንት ለመጠገን አትልፊ፤ ያንቺ አልነበረም። ራስሽ አዲስ ክፈቺ፣ በራስሽ ሲም።

ኬብል_ጎታች

ቆይ፣ ከመንካትሽ በፊት። ሎኬሽኑ ጠፍቶ ወዲያው ነው ያወቀው። ካርታ ላይሆን ይችላል። ወደ እህትሽ ከመሄድሽ በፊት «እየመጣሁ ነው» ብለሽ ጽፈሽላት ነበር? በምን?

ስሜ_ይቅር

በዋትሳፕ። አዎ።

ኬብል_ጎታች

ዋትሳፕ ክፈቺ። ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ስትነኪ ሊንክድ ዲቫይስስ የሚል አለ። ግቢበትና ያየሽውን ጻፊልን። ገና ምንም አታጥፊ።

ስሜ_ይቅር

ዊንዶውስ፣ ጉግል ክሮም ይላል። ዛሬ ጠዋት ተጠቅመውበታል ይላል። እኔ ኮምፒውተር የለኝም።

ሞባይል_ቤት

አገኘነው።

ሲም መቀየርሽ ለዚህ አይጠቅምም፤ አሮጌው የዋትሳፕ አካውንት ስልኩ ላይ ከቀጠለ ኮምፒውተሩም ይቀጥላል። ስልክሽን አንድ ጊዜ ለደቂቃ ይዞ ኮዱን ስካን ካደረገ ይበቃዋል። ከ2021 ወዲህ ደግሞ ስልክሽ ቢጠፋም በዚያ በኩል ማንበብ ይቻላል።

ኬብል_ጎታች

አሁን ስሚኝ እህቴ። መሣሪያውን ሎግ አውት ስታደርጊ ያውቃል። እንደታወቀበት ሲገባው ምን እንደሚያደርግ ከእኛ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ መጀመሪያ የገጹን ፎቶ አንሺ፤ በሌላ ስልክ ይሁን፣ ስክሪንሾቱ እሱ ወዳለበት የፎቶ አካውንት እንዳይሄድ። ለእህትሽ በአካል ንገሪያት። ቤት ስትሆኚ፣ ሰው አብሮሽ እያለ አጥፊው። አስፈራርቶሽ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ ፎቶውን ይዘሽ ሂጂ።

ከዚያ ቴሌግራም ላይ ዲቫይስስ የሚለውን እይ። ጉግል ማፕስ ላይ ፎቶሽን ነክተሽ ሎኬሽን ሼሪንግ ውስጥ ማን እንዳለ እይ። ይህን ሁሉ ከጨረስሽ በኋላ ስልኩን ፎርማት አድርጊውና በራስሽ በከፈትሽው አካውንት ጀምሪው። ፎቶዎችሽን ቀድመሽ ገልብጪ። ከድሮው ባክአፕ ግን አትመልሺው፤ ያ አሮጌ አካውንት ተመልሶ እንዳይገባብሽ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_እናት

አይፎን የያዛችሁ ካላችሁ ሴፍቲ ቼክ የሚባል አለ፤ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ ወደ ታች ወረድ ስትሉ። ማን ቦታሽን እንደሚያይ ሁሉንም ባንድ ላይ ያሳይሻል፣ ባንዴ ይቆርጥልሻል። እሱም ሲቆረጥ ሌላኛው ወገን ያውቃል፤ ከላይ የተባለው ጥንቃቄ እዚህም ይሠራል።

ቦርሳሽንም ፈትሺ። ኤርታግ የምትባል ያለችበትን ቦታ የምትጠቁም፣ ሳንቲም የምታክል ነገር አለች። አይፎን ከ2021፣ አንድሮይድ ከ2023 ወዲህ የማያውቁት ኤርታግ አብሯቸው ሲሄድ ያስጠነቅቃሉ። አንድሮይድ ላይ ሴፍቲ ኤንድ ኢመርጀንሲ ውስጥ ስልኩ አሁኑኑ እንዲፈልግ ራስሽ ማዘዝም ትችያለሽ።

ስሜ_ይቅር

እህቴ ጋ እየሄድኩ ነው። አልጻፍኩላትም፤ በታክሲ ነው፣ በላዳ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም።

ምን_አገባኝ

እኔም ሊንክድ ዲቫይስስ ገብቼ አየሁ። የድሮ መሥሪያ ቤቴ ኮምፒውተር አሁንም አለ። ዝም ብዬ ነው የምናገረው።

ጋሽ_ታምሩ

ልጆች፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ይህን ሁሉ ብናደርግ ቴሌ ያውቀን የለም ወይ? ስልክ በጆሯችን ይዘን ማንን ነው የምንደበቀው?

ኬብል_ጎታች

ጋሼ፣ ትክክል ብለዋል። ሲም የገባበት ስልክ የትኛው ማማ ሥር እንዳለ ኔትወርኩ ካላወቀ ሊደውሉለት አይችልም። ይህ የአሠራሩ ባሕርይ ነው፤ በየትም አገር ያው ነው። ስልኩ ካልጠፋ ወይም ኤሮፕሌን ሞድ ላይ ካልሆነ በሴቲንግ የሚፈታ አይደለም። እሱ የሕግ ጉዳይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 ካርፔንተር በተባለው መዝገብ፣ ፖሊስ የማማ መረጃውን ለማግኘት በአብዛኛው የፍርድ ቤት ማዘዣ እንደሚያስፈልገው ወስኗል። እኛም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ ይሄኛው ዓመት በኛ ነው። ወረቀቱ አለ። ሥራ ላይ ሲውል የምናየው ነው።

ቴሌ አወቀ ማለት ግን የሱቁ ልጅም፣ የባትሪ አፑም፣ የቀድሞ ፍቅረኛም ይወቅ ማለት አይደለም።

ጋሽ_ታምሩ

እሱስ እውነት ነው። ይቺን የዋትሳፗን ነገር ለሴት ልጄ አሳያታለሁ።

የጉለሌው

ዋይፋዬን ገልጬዋለሁ። ሌላ ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ ዕቃ እሸጣለሁ። ፎቶ ውስጥ ቦታ አለ የሚሉት ነገር?

ሞባይል_ቤት

ካሜራው ሎኬሽን ከተፈቀደለት ፎቶው ውስጥ ቦታው ይጻፋል። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ስትልከው ይጠፋል። ጥራቱ እንዳይቀንስ ብለህ በፋይል ከላክኸው ግን ከነቦታው ይሄዳል። ሶፋህን ልትሸጥ ቤትህን ከነካርታው አደልክ ማለት ነው። የካሜራውን ሎኬሽን ዝጋ፣ ተገላገል።

የሚጡ_እናት

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ከኔ። ፍራንክፈርት ያለች አክስቴ ለልጄ ጂፒኤስ ያለው የእጅ ሰዓት ልካለች። ከአፑ ሆኜ የት እንዳለች አያለሁ፣ መደወልም ይቻላል። እያነበብኩ ሳለሁ ፈራሁት። ላድርግላት?

ኬብል_ጎታች

ሞዴሉን ሳላይ ይህ ነው ልልሽ አልችልም፤ ግን ርካሽ ከሆነ እኔ አላደርግላትም። በ2017 የኖርዌይ የሸማቾች ምክር ቤት የሕፃናት ሰዓቶችን ፈትሾ፣ አንዳንዶቹን ባዕድ ሰው ገብቶ የልጁን ቦታ ሊያይባቸው እንደሚችል አሳየ። በዚያው ዓመት ጀርመን ራሷ በድብቅ ዙሪያውን ማዳመጥ የሚያስችሉትን የልጆች ሰዓቶች እንዳይሸጡ ከለከለች። በ2019 ደግሞ አቫስት የሚባለው የደኅንነት ኩባንያ ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ የጂፒኤስ መከታተያዎች የፋብሪካ ይለፍ ቃላቸው 123456 ሆኖ አገኛቸው። ለልጅም፣ ለመኪናም የሚሸጡ ናቸው። መኪናችሁ ላይ ጂፒኤስ ያስገጠማችሁ ሰዎች እናንተም እዩት።

አፑን ክፈቺ። የይለፍ ቃሉን መቀየር የሚከለክልሽ ከሆነ ወይም ከርቀት ማይኩን የሚከፍት አማራጭ ካለው፣ ሲሙን አውጪለትና ሰዓት ብቻ ይሁን።

የሚጡ_እናት

አየሁት። የይለፍ ቃሉ 123456 ነው። ቀይር ስለው አልቀየር አለኝ። «ሞኒተር» የሚል ቁልፍም አለው።

ሞባይል_ቤት

ሲሙን አውጪው።

የሚጡ_እናት

ወጣ። ሚጡ ግድም አልሰጣት፤ የፈለገችው ቢራቢሮ ያለበትን የስክሪን ሥዕል ነው።